ቁልፉን ስታዞር ምን አለ?

እስቲ ወንበር ያልያዛችሁ ያዙ። ቡዓዛ፣ አንተም ቁጭ በል! መነኻሪያው ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተራ አስከብረሃል፤ ለአንድ ቀን እንኳ ሰው እንደፈቀደው ይቀመጥ። የጋራዡ ባለቤት ሐጅ ቤናስር «ሞሐ፣ ሰው ርቦታል፣ አሳጥረው» ብለውኛል። ሐጅ፣ ይቅርታዎን። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሬው ኮፈን ሥር ያጎነበስኩትን ሰው ነው የምሸኘው፤ እንዴት አሳጥራለሁ? ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት አንድ ነገር አለ። ዛሬ ስለምንሸኘው ስለ ወንድሜ ስለ ባሱ ስም ነው። ይኼ ሰው በማይገባው ስም ጡረታ እንዲወጣ አልፈልግም፤ ሳልናገር አልቀመጥም። ባሱ ምን እንደሆነ ያውቃል። አያችሁት? ገና ካሁኑ በእጁ «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» ይለኛል። አልቀመጥም!

መጀመሪያ ግን የመጣበትን ቀን ላውጋችሁ። የካቲት ነው። ከተማችን አዝሩ በረዶ ለብሳለች። ወደ መክነስ የምትሄድ አንዲት አሮጌ መርቼዲስ ጋራዡ በር ላይ ቆማ አልነሳም ብላለች። የያኔዎቹ ታክሲዎቻችን እንዴት እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ፤ በቁልፍ ይነሳሉ፣ በቁልፍ አይጠፉም። ስለዚህ ሹፌሮቻችን ሞተሩ ላይ ካለው ማጥፊያ ሽቦ ያስሩና በዳሽቦርዱ ሥር አሹልከው ጫፉን እንደ ቀለበት ያጎብጡታል። ሽቦውን ስብ ስታደርገው ናፍጣው ይቋረጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል። እንግዲህ እኔ በዚያ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ ሞተሩን የሚያሞቁትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈትቼ አይቼ መልሻለሁ፣ አሁን ደግሞ የናፍጣውን ፓምፕ ላወርድ እጅጌዬን ሰብስቤያለሁ። ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ወይ ፍንክች! ስድስቱም ተሳፋሪ ውስጥ እንደታጨቀ ይረግመኛል።

ይኼ ሰውዬ ቡናማ ጀላባ ለብሶ፣ ዳቦ በብብቱ ሸጉጦ ከች አለ። ተሳፋሪ መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ ሞልታለች። ደግሞም አትሄድም» አልኩት።

«ቁልፉን ስታዞር ምን አለ?» አለኝ።

«አንተ ምን አገባህ? ወረፋህን ጠብቅ!»

አልተከራከረኝም፤ ሹፌሩን ጠየቀው። ከዚያ ዞሮ ጭስ ማውጫው አጠገብ ቁጢጥ አለ። «እስቲ አዙራት» አለ። አዞረ። ባሱ አየ፣ አሸተተ። «ጭስ የላትም። ጭስ ከሌላት ናፍጣ አልደረሳትም» አለና ሄዶ የፊቱን በር ከፈተ። ከፊት ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንደኛዋ ለልጃቸው ሰርግ የሚሄዱ እናት ነበሩ።

«እናቴ፣ ይቺ ፌስታል የማን ናት?»

«የኔ ናት ልጄ። ሦስት ሾጣጣ ስኳር ናት። የመኪናው ወለል በበረዶ ረጥቦ ስኳሬን ሊያቀልጥብኝ ሲል እዚች ማንጠልጠያ ላይ ሰቀልኳት።»

ማንጠልጠያ! የሽቦው ቀለበት ላይ! ስድስት ኪሎ ስኳር ሞተሩን ጥርቅም አድርጎ አጥፍቶት፣ እኔ ፓምፕ ላወርድ ነው። ባሱ ፌስታሉን አንስቶ ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው፣ ሽቦውን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገና «አሁን አዙራት» አለ። ተነሳች። እናትየዋ እልልታውን አቀለጡት፤ ተሳፋሪው እኔን አይቶ ሳቀ። «አንተ ማነህ?» አልኩት ደሜ ፈልቶ። «አዲሱ መካኒክ ነኝ። ሐጅ ቤናስር የት አሉ?» አለኝ። ወላሂ፣ በዚያች ደቂቃ ባሱን ለዘላለም ልጠላው ወስኜ ነበር። ሳምንትም አልቆየልኝ።

ከዚያ ወዲህማ ጠባዩን ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። መኪናው አልነሳ ያለው ሹፌር ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ እየሮጠ ይመጣል፤ ተሳፋሪ እየጮኸበት ነው፣ ተራው ሊያልፈው ነው። ባሱ ደግሞ ኮፈን አይከፍትም! «ቁጭ በል» ይለዋል። «ትናንት ስታቆማት እንዴት ነበረች? ማን ነካት? ማን አሳደራት?» «መዓለም ባሱ፣ የሙያ ጌታዬ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ክፈተውና እየው!» «ሐኪም ጤና ይስጥልኝ ሳይል ሆድ አይከፍትም» ይላል። ከዚያ ያቺ ትምህርቱ ትመጣለች። አብራችሁኝ በሉ፣ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቋታላችሁ፦ መጀመሪያ መብራቱን አብራ። ቁልፉን ስታዞር መብራቱ ከደከመ ወደ ባትሪው ሂድ። መብራቱ ደህና ሆኖ «ጠቅ» ብቻ ካለ ሞተሩን ወደሚያዞረው ወደ ሞተሪኖው ሂድ። ዞሮ ዞሮ ካልነሳ ጭሱን እይ፤ ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ደርሷል፣ ብርድ ነው የያዛት፣ ካንዴላዎቹን እይ። ጭስ ከሌለ... አዎ! «መጀመሪያ ታንከሩ ውስጥ ናፍጣ መኖሩን እይ፣ አንተ ደደብ!» ማሻአላህ፣ አንድም ቃል አልሳታችሁም።

ግን ከሁሉ የሚብሰው ድምፁን በአፍ እንድታሰሙት ሲያደርግ ነው። ስንቱ ጢማም፣ ስንቱ የልጅ ልጅ ያየ ሰው በዚያ ጋራዥ ቆሞ «ኸ-ኸ-ኸ-ኸ» ሲል አየሁ መሰላችሁ! «አይ፣ ይኼ አይደለም። ሞተሪኖው ጥርሱን ሲስት እንደዚህ አይልም፣ ደግመው» ይላል ባሱ፤ እንደ ሙዚቃ አስተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ። ቡዓዛ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም፤ ግን ከመነኻሪያው ስልክ ይደውልና የሁሉንም መኪና ድምፅ ያስመስላል። አንድ ቀን ከፊቴ እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ፦

«ባሱ፣ ስማኝማ፦ ግርርር ጠቅ፣ ግርርር ጠቅ።»

«ሁለተኛዋ ጠቅ ትረዝማለች ወይስ ታጥራለች?»

«ትረዝማለች።»

«የባትሪውን ጫፍ ያጥራና ያጥብቀው። ነጭ ዝገት ይዞታል።»

አደረጉት፣ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ቡዓዛ ራሱን መካኒክ አድርጎ በከተማው ዞረ። አትሳቅ ቡዓዛ፣ ለአማችህ መኪና ምክር ሰጥተህ ምን እንደደረሰባት እናውቃለን።

አዲሶቹ መኪኖች ሲመጡ ደግሞ «ባሱ አበቃለት» ተባለ። ኮምፒውተር ነው፣ ጆሮ ምን ያደርግለታል ተባለ። ያኔ አንዱ ሹፌራችን፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚያ ጥግ ላይ ፊቱን በብርጭቆ ከልሏል፣ መኪናው አልነሳ አለው። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ከከተማ ባለሙያ መጣ። ኮምፒውተሩን ሰካ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አነበበ፣ «አንድ ዕቃ ከካዛብላንካ እናስመጣ» አለ። ባሱ ዳቦውን እየገመጠ በዚያ ያልፋል።

«ልጄ፣ ሱሪህ ጥሩ ታጥቧል» አለው ሹፌሩን።

«አዎ መዓለም፣ ነገ ዒድ ነው እኮ።»

«ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር?»

ልጁ ኪሱን ዳበሰ። «ቁልፉ ሆድ ውስጥ ራሱን ለመኪናዋ የሚያስተዋውቅበት ነገር አለ፤ አንተ ከነሳሙናው አሽተኸዋል። ቤት ያለውን ሁለተኛውን ቁልፍ አምጣ» አለው። አመጣ። ተነሳች። ባለሙያው ኮምፒውተሩን ጠቅልሎ ሲሄድ ባሱ እየሮጠ ደርሶበት «ወንድሜ፣ ምሳ ሳትበላ አትሄድም» ብሎ ጎትቶ ቤቱ ወሰደው። ይኼን አትርሱ። ባሱ ሰውን አሳፍሮ አይሸኝም።

ቆጥቋጣነቱንስ? ያቺን አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፉን ለማን አውሷት ያውቃል? እጁን ያውጣ! እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት ለምኜ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የያዝኳት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከጎኔ ቆሞ ነው። ላላ ኢጦ፣ የባሱ ባለቤት፣ እርስዎ ደግሞ የነገሩንን ልናገር? ይፈቀድልኛል? ሴት ልጃቸው ትኩሳት ይዟት ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ፣ ባሱ ከእንቅልፉ ባንኖ «ስትነሳ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም «ጠቅ ብቻ ነው ያለችው፣ ባትሪ ለውጥላት» ብለው መለሱለት። ላላ ኢጦ፣ ከሰኞ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ የእርስዎ ነው። አላህ ትዕግሥቱን ይስጥዎ።

እሺ። ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃን።

ባሱ፣ ወንድሜ፣ ዓይንህን ከኔ ላይ አታንሳ።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ጥር ላይ፣ ሐዱ አባቱን ፌስ ሊያሳክም በራሱ ታክሲ ይዟቸው ሄደ። ሐዱ እዚህ መሀላችን ተቀምጧል። የአባትየው ቀኝ ዓይን ድንገት ታሞ፣ የዚህ አገር ሐኪም «ነገ በጠዋት ፌስ ድረሱ፣ ከቀትር እንዳያልፍ» ብሏቸዋል። ኢፍራን ሲደርሱ በረዶ ወርዷል፤ ፖሊሶቹ መዝጊያውን ጥለው «ጠራጊው እስኪመጣ ጠብቁ» አሉ። ሐዱ ሰልፉ ውስጥ የመጨረሻው ነበር። እንደ ሁሉም ሰው ሞተሩን አጠፋ። መዝጊያው ሲነሳ የፊቶቹ እያስነሱ ሄዱ። ሐዱ ቁልፉን አዞረ፤ «ጠቅ» አለና መብራቱ ሁሉ ድርግም አለ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ የባትሪውን ጫፎች ጨበጠ፤ ጠብቀዋል። እንዳይገፋት ዳገት ነው፣ በረዶ ነው። ከኋላቸው መንገዱ እንደገና ተዘጋ። አራት ሰዓት ሙሉ ከቆዩ በኋላ አንድ ግንድ የጫነ የጭነት መኪና ጎትቶ አወጣቸው። ፌስ ሲገቡ ጀንበር ጠልቃለች። ዓይናቸው አልተረፈም።

ታክሲዋ ተጎትታ ስትመጣ ባሱ ሥሯ ገባ። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄድ ወፍራም ሽቦ አለ፤ እሱ ከላላ ባትሪው ሞልቶ ቢፈስ ዋጋ የለውም። ፍሪሲዮን ሲቀየር የሚፈታው የሽቦው ብሎን ያለ ቁልፍ፣ በጣት ብቻ ነበር የታሰረው። ሐዱ እዚያው ቆሞ ያያል። ሐጅ ቤናስር «የዚችን መኪና ፍሪሲዮን የቀየረ ማነው?» ብለው ጮኹ።

ባሱ ከሥሯ ወጥቶ እጁን ጠረገና «እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ታውቃላችሁ። ዋና መካኒክነቱን ተነጠቀ፤ ቦታው እስኪመለስለት ሦስት ዓመት ጎማ ሲለጥፍ ከረመ። «ባሱ በጣት» የሚል ስም ወጣለት። ልጆቹን ትምህርት ቤት በር ላይ በዚያ ስም ሲጠሯቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔስ? እኔ አጎንብሼ አለፍኩ።

ፍሪሲዮኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ።

አዎ፣ በደንብ ሰማችሁ። እኔ ሞሐ ነኝ። ሽቦውን እኔ ፈታሁት፣ መልሼ ብሎኑን በጣቴ አስገባሁት፣ ላጠብቀው ቁልፍ ላነሳ ስል ሰው እየሮጠ መጣና «ሚስትህ መንታ ተገላገለች» አለኝ። ጥዬ ሮጥኩ። መሮጤ አይደለም ጥፋቴ፤ ማንም ይሮጣል። ጥፋቴ ሲመሽ ተመልሼ፣ ሥሯን ሳላይ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ለሐዱ ሰጥቼ «አልቃለች፣ ውሰዳት» ማለቴ ነው። በደስታ ሰክሬ ነበር። ደስታ ግን ብሎን አያጠብቅም።

ያን ወር ሐጅ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል፤ «ሦስተኛ ካጠፋህ ከበሩ ውጭ ነህ» ብለውኛል። ባሱ ይኼን ያውቃል። ሐጅ ከሄዱ በኋላ ጥግ ይዤው «ለምን?» አልኩት። እንባዬ ይወርዳል።

«ልጆቹ ስንት ቀናቸው ነው?» አለኝ።

«አራት።»

«የኔዎቹ አድገዋል። ሂድ ሥራህን ሥራ። ግን ከዛሬ ጀምሮ አንተ ያሰርከውን እኔ ሳልዳስሰው አንድም መኪና ከዚህ በር አይወጣም።»

ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ መኪና ሊወጣ ሲል ሥር ገብቶ ብሎኑን ሲዳስስ ታዩታላችሁ። «ጥፋቱ አስደንግጦት ነው፣ ፈሪ ሆኗል» ትላላችሁ። ሰዎች፣ ይዳስስ የነበረው የራሱን ሥራ አይደለም። የኔን ነው። ያ ዳሰሳ ነው እኔን መካኒክ ያደረገኝ። ዛሬ ቀና ብዬ እናገራለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ብሎን በጣት ትቼ አላውቅም፤ እጄን አምነዋለሁ። መንቶቹም ይኸው ከእናታቸው ጎን ተቀምጠዋል፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ያሳደጋቸውን እንጀራ ያበላቸው ማን እንደሆነ ትናንት ማታ ነግሬያቸዋለሁ።

ለምን ዛሬ ትሉኝ ይሆናል። ከሰኞ ጀምሮ ሐጅ ቤናስር የባሱን ቦታ ለኔ ሰጥተዋል። ትናንት ለባሱ «ልናገር ነው» ስለው «አንተ ሞኝ፣ ሰኞ ማን መኪናውን ያመጣልሃል?» አለኝ። ማንም ላያመጣ ይችላል። ሐጅም ሐሳባቸውን ሊለውጡ ይችላሉ፤ መብታቸው ነው፣ ፊታቸውን እያየሁት ነው። ግን በሱ ስም ላይ ቆሜ በሱ ወንበር ላይ አልቀመጥም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ጧት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤ አፈርኩበት፤ ግን ነጋ።

ሐዱ። አባትህን አላህ ይማራቸው። መኪናህን ለባሱ ሰጥተሃል፣ ሌላ እንደሱ ስለሌለ። ሰላምታ ግን ነፍገኸዋል። አብረኸው አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተህ አታውቅም። የነፈግኸው እኔን መሆን ነበረበት፤ በኔ ቤት ድግስ እየበላህ፣ ትከሻዬን እየመታህ፣ ይኼን ሰውዬ ዘጋኸው። ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። በሰው ፊት፣ እንደዚህ።

እየተነሳህ ነው? ተዉት፣ ተዉት፣ ማንም አይያዘው። ቡዓዛ፣ መንገድ ልቀቅለት። ወደኔ ከሆነ እዚሁ ቆሜያለሁ።

ወደኔ አይደለም።

ሐዱ፣ ጮክ በል፣ ኋላ ያለው ሰው አልሰማም። «ለምን ዝም አልክ?» ነው የሚለው፤ ባሱን ነው። «እንዴት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንቅህ ዝም አልክ?» ባሱ፣ መልስለት እንጂ! እኔም ልሰማው እፈልጋለሁ።

ምን?

ቆይ፣ ደግመው። ደግመው ባሱ፣ ሁሉም ይስማህ።

«አባትህ ያውቁ ነበር» ነው የሚለው። «በሳምንቱ ሄጄ እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ። ሐዱን ልጥራና እሱም ይስማ ስላቸው፣ ተው፣ ልጄ እጁ ፈጣን ነው፣ ያ ሰው ደግሞ የሚያሳድጋቸው ሁለት ሕፃናት አሉት፤ እኔ በቀረኝ ዓይን አያለሁ አሉኝ» ይላል።

ያ አላህ።

ሰዎች፣ ይኼን እኔም አላውቅም ነበር። አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ በጋራዡ በር ሲያልፉ፣ በምርኩዛቸው ኮፈኑን ነካ እያደረጉ «ሞሐ፣ መንቶቹ እንዴት ናቸው?» ይሉኝ ነበር። ሁልጊዜ መንቶቹን ነበር የሚጠይቁኝ። እኔ ሰላምታ መስሎኝ «ደህና ናቸው አባቴ» እያልኩ... አንድ ደቂቃ ስጡኝ።

እሺ። ደህና ነኝ።

ባሱ፣ አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት አወቅኩህ ብዬ እዚህ ቆሜ ሳስተምር ዋልኩ፤ ለካ ግማሽህን አላውቅህም። አመሰግንሃለሁ። ስለ ሥራው፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ሦስቱ የጎማ ዓመታት፣ ዝም ስላልክበትም ዝም ስላላልክበትም። ጠዋት ስልክህ አይጩኽ። ጉልበትህ ሲሚንቶ ላይ አይንበርከክ። ከላላ ኢጦ ጋር ፀሐይ ያለበት ቦታ ቁጭ ብላችሁ፣ የልጅ ልጆቻችሁን አይታችሁ፣ አላህ የቸረህን ዕድሜ ከነጤናው ጨርሰው። ከዛሬ ጀምሮ ስምህ መዓለም ባሱ ነው፤ ሌላውን ስም የሚጠራ ሰው ካለ ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ እኔን ይጥራኝ።

ብርጭቆ አንሱ። ሐጅ፣ እርስዎም። ላላ ኢጦ፣ መንቶቹ፣ ሁላችሁም። ሐዱ፣ ያቺን ሻይ ለባሱ አንተ ቅዳለት፣ ከጎኑ ቁጭ በልና አብራችሁ ጠጡ። ከጠጣህ በኋላ እኔን የምትለኝ ካለ ና በለኝ፤ የትም አልሄድም።